ለ«ታርዲ» የሰጠሁት ምሳሌ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ከሰዓት በኋላ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ አንዲት የጨርቅ ነጋዴ «ቲቸር» ብላ አስቆመችኝ። ሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማርኳት ዘይነባ ነበረች። ወንበር አውጥታ አስቀመጠችኝ።

«ልጄ ትናንት ‹ታርዲ› ምን ማለት ነው አለችኝ» አለች እየሳቀች። «ዲክሽነሪ ሳትገልጥ ነገርኳት። አርፋጅ ማለት ነው፤ ሰው ሲባልበት ነቀፋ አለው። ከእርስዎ ትምህርት የቀረችኝ ያቺ ቃል ብቻ ናት።»

ደስ አለኝ። እንዴት እስካሁን እንዳልረሳችው ጠየቅኳት።

«ምሳሌው እኔ ነበርኩ እኮ። ሰሌዳው ላይ ‹ዘይነባ ታርዲ ናት› ብለው በእንግሊዝኛ ጻፉ። ክፍሉን በሙሉ ሦስት ጊዜ አስደገሙት። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ መቼ ትምህርት ቤት ተመለስኩ?»

ደነገጥኩ። ለአዲስ ቃል በተማሪ ስም ምሳሌ መስጠት የምኮራበት ዘዴዬ ነበር፤ ለወጣት መምህራንም አሳይቻለሁ። ስም መጥሪያው ላይ «አቋርጣለች» ብዬ በቀይ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ቤተሰቧ ሰፈር የቀየረ መስሎኝ ነበር።

ይቅርታ ልጠይቃት ስል ደንበኛ ገባ።

«ይተዉት ቲቸር፣ እኔም አብዝቼው ነበር። በየቀኑ ነበር የማረፍደው» አለችና ሜትሯን አነሳች።

መንገዱን ሁሉ ራሴን ስወቅስ መጣሁ። አሁን ይህን ስጽፍ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። በየቀኑ ለምን ታረፍድ እንደነበር ያን ጊዜ አልጠየቅኳትም። ዛሬም አልጠየቅኳትም።