በረኛውን ያስቆመው ድምፅ

ውድ ጋሻዬ፣

በጦር ክፍልህ አድራሻ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ አላገኙም። ይኼ አራተኛው ነው። በፊተኞቹ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለማስተምርበት ትምህርት ቤት ጻፍኩልህ። ዋናውን ነገር ግን ሦስቴም ዘለልኩት። ዛሬ እሱን ልጽፍልህ ነው።

የዚያን እሑድ ጠዋት፣ ከጋሸና ቡድን ጋር ልንጫወት ስንሰናዳ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። «ዛሬ አንድም ተጫዋች እንዳይቀር። ከቀረ የምጠይቀው አምበሉን፣ አንተን ነው» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። በዚያው ሳምንት ከገጠር ብዙ ልጆች ታፍሰው በጭነት መኪና ለውትድርና እንደተወሰዱ ሰምቻለሁ። የደሴ መምህራን ማሠልጠኛ የጠራኝ ወረቀት ግን በደረት ኪሴ ነበር። ለእናንተ አልነገርኳችሁም። እንዲያውም ያመመውን አጥቂያችንን ሞላን ሳይቀር ከአልጋው አስነስቼ አመጣሁት።

አሥር ዓመት አብረን ተጫውተናል። የጨርቅ ኳስ በሲባጎ ጠቅልለን ከጀመርንበት ጊዜ አንስቶ አንተ በረኛ፣ እኔ ከፊትህ ተከላካይ። አሠልጣኛችን መምህር አረጋ ስለ እኔ «ደሞዝ ሲጮህ አትከራከሩ። መጀመሪያ ታዘዙ፤ ከጨዋታው በኋላ ትጣላላችሁ» እያሉ ነው ያሳደጉን። አንተ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ታዛዥ ነበርክ። «ቁም!» ስልህ ትቆማለህ፣ «ውጣ!» ስልህ ዓይንህን ሳታሽ ትወጣለህ። አንዴ «ውጣ» ብዬህ ከአጥቂ ጋር ተጋጭተህ ግንባርህ ተፈነከተ። ደምህን በእጅጌህ እየጠረግህ «አንተ ልክ ነበርክ፤ እኔ ነኝ የዘገየሁት» አልከኝ።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ የቀበሌው ታጣቂዎች ሊያፍሱን በሦስት በኩል መጡ። ካንተ በር ጀርባ ማንም አልነበረም። ከቋሚው አሥር እርምጃ አልፎ ቁልቁለቱ ነው፤ ሸለቆው ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚያገኝ የለም። አንተም አይተኸዋል። አንድ እግርህን ከመስመሩ ወደ ኋላ አውጥተህ ወደ እኔ ዞርክ።

«ደሞዝ፣ ልሂድ?»

«ቁም! ከበሩ እንዳትነቃነቅ!»

ቆምክ።

ተኩስ ፈርቼልህ ነው ብዬ ራሴን ለማሳመን ብዙ ደክሜያለሁ። ውሸት ነው። የፈራሁት ለራሴ ነው። አንተ ካመለጥክ ሊቀመንበሩ እኔን ይይዛል፣ ወረቀቴን ይቀደዋል ብዬ ነው።

ሁላችንንም በጭነት መኪና ጭነው ወሰዱን። ጋሸና ላይ መኪናው ሲቆም ስሜ ተጠራ። ወረቀቴን አዩና «አንተ ውረድ» አሉኝ። ልወርድ ስል ክንዴን ያዝከኝ። ትሰድበኛለህ ብዬ ጠብቄ ነበር።

«እንኳንም አንዳችን ተረፍን» አልከኝ። «ልሮጥ ነበር እኮ። ግን አንተ ቁም ካልክ የሆነ ነገር አይተህ ነው ብዬ ተውኩት።»

ያየሁት ነገር አልነበረም፣ ጋሻዬ።

ደሴ ተማርኩ፣ ተመረቅሁ፣ ወገል ጤና ከተማ ተመደብኩ። ማሠልጠኛው ውስጥ የክፍል አለቃ ያደረጉኝ ድምፄን ሰምተው ነው። እዚህም ጠዋት ሰልፍ የማስይዘው እኔ ነኝ። አንዴ ስጮህ ሦስት መቶ ልጅ ቀጥ ይላል። መምህራኑ «ኳስ ሜዳ ያደገ ሰው ያስታውቃል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ከሜዳ ይዤው የወጣሁት ሙያ ሰው እንዲያምነኝ ማድረግ ብቻ ነው። ልጆቹ ቀጥ ባሉ ቁጥር ፊቴን ወደ ሰንደቁ አዞራለሁ። ባለፈው ዳይሬክተሩ የትምህርት ቤቱን ቡድን አሠልጥን ቢለኝ፣ ጉልበቴ ተጎድቷል አልኩት። ከዚያ ወዲህ ግቢ ውስጥ እያነከስኩ ነው የምሄደው። አሁን አሁን ብቻዬን ስሆንም ማነከሱን መተው ይረሳኛል።

ለፋሲካ ላሊበላ ሄጄ እናትህን እትዬ ወለተ ሩፋኤልን ጠየቅኋቸው። አጠገባቸው አስቀምጠው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ደሞዜ፣ የኔ ልጅ ሯጭ አልነበር? ምን ያዘው?»

«ከበውን ነበር፣ እትዬ።»

«በቁልቁለቱ በኩልስ? እዚያ ሣር አጭድ የለ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ።»

«እዚያም ነበሩ።»

 ከዚያ ትከሻዬን ሳሙኝ። «በል እንግዲህ። እኔ ደግሞ ልጄን የያዘብኝ ሰው አለ እያልኩ ስንቱን ስረግም ከረምኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ» አሉ።

አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ። ላንተ ያለቀስኩ መስሏቸው አባበሉኝ።

ስነሳ ለአንተ አጭር ደብዳቤ አስጻፉኝ። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋን አልሸጧትም፤ ስትመጣ ስም ታወጣላታለህ ብለዋል። ወረቀታቸውን ከዚህ ጋር አጥፌ አስገብቼዋለሁ።

ፖስታው ላይ በላኪ ቦታ የጻፍኩት የሳቸውን ስምና የላሊበላን አድራሻ ነው። በሕይወት ካለህ አንተ ታነበዋለህ፤ የምትፈርድብኝን ትፈርዳለህ። ከሌለህ ግን ደብዳቤው ወደ እናትህ ይመለሳል። ፊደል አልቆጠሩምና የሆነ ሰው ያነብላቸዋል። ፊት ለፊት ልነግራቸው ያቃተኝን በዚያ ሰው አፍ ይሰሙታል። ከዚህ የተሻለ ድፍረት ከራሴ ፈልጌ አጣሁ።

ያን ቀን እናትህ ሁለታችንንም ያጣሉ።

ደሞዝ
ወገል ጤና፣ ግንቦት 1980 ዓ.ም.