የባዝራዋ ወረቀት

ላስቬጋስ፣ ጥር 14 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለውድ እታለም፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃ መውጣቱ ቀለለሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ ይዘሽ ነው? ይህ በሽታ ከደጃችሁ እንዳይደርስ ሳልለምን የዋልኩበት ቀን የለም። እኔ አምላክ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ ብሎኛል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ስደውል ስፒከር ላይ ስለምታደርጊው ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ወንድይራድ ለአባቱ ለቅሶ ወደ አዲስ አበባ ስለሚመጣ በእጁ ላክሁልሽ። እባክሽ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ካዚኖው በኮሮና ሲዘጋ ክፍል ማጽዳቱ ቀርቶብኝ ሎን ማውንቴን የሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ቤት ሥራ እንዳገኘሁ ነግሬሽ ነበር። ሚስ ዶሪን ይባላሉ። ያልነገርኩሽ፣ እሳቸውን ከመርዳት ሌላ ጓሯቸው ያለችውን ፈረስ የምመግበውም እኔ መሆኔን ነው። ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው። ባዝራ ናት፤ ዳማ፤ ሃያ ዓመት ሞልቷታል። ሚስ ዶሪን «ቤቢ» ነው የሚሏት። መጀመሪያ ሰሞን አጥሩን አልፌ መግባት እፈራ ነበር። ኋላ ግን ገና መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ ድምፄን ለይታ ማሽካካት ጀመረች።

ኅዳር ላይ ሚስ ዶሪን ታመው ሆስፒታል ገቡ። ጠያቂ አይገባም። አንዲት ነርስ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዛላቸው ተነጋገርን። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ «ቤቢን አደራ። ወረቀቷ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው» አሉኝ። በአራተኛው ቀን ዐረፉ።

መሳቢያውን ዘረገፍኩት። የመድኃኒት ማዘዣ፣ የዛጉ ቁልፎች፣ የገና ካርድ። የፈረስ ወረቀት የሚባል የለም።

የወንድማቸው ልጅ ቤቱን ሊያስረክብ ከአሪዞና መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቸኩሎ ነው። «ወረቀት ካላት የሚወስዳት ቦታ ፈልጊ። ከሌላት በወሩ መጨረሻ ጨረታ ትሄዳለች» አለኝ። ጨረታ ሲል የሚገዛት ሰው ታገኛለች መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሞኝ ነኝ። ኮቴዋን የሚሠራላት ሰው ነው የገለጠልኝ። ወረቀት የሌላት አሮጊት ፈረስ በኪሎ ተሽጣ፣ ድንበር ተሻግራ ለቄራ ነው አለኝ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሩጫ የወጡ ፈረሶችን የሚጦር ማኅበር አለ፤ እነሱ ደግሞ መዝገብ ካላዩ አይቀበሉም። «ይቺ ሮጣለች፤ እግሯ ይናገራል» ብሎ ጭንቅላቷን ያዘና የላይኛውን ከንፈሯን ገልብጦ አሳየኝ። ለካ ከከንፈራቸው ውስጥ ይነቀሳሉ! አንድ ፊደልና አምስት ቁጥር። በአልኮል ጠረግኩት፣ በስልኬ መብራት አየሁት፤ አንደኛው ቁጥር ሦስት ይሁን ስምንት አይለይም።

በስምንት ጽፌ የሩጫ ፈረሶችን ለሚመዘግበው ድርጅት ላክሁ። ሦስት ቀን ኢሜይል ቼክ ሳደርግ ጣቴ ዛለ። መልሱ ሲመጣ ያ ፈረስ ወንድ ነው፣ ከሞተም ቆይቷል ይላል። ያኔውኑ በሦስት ጽፌ ላክሁ። ሌላ ሦስት ቀን። ተገኘች! እናቷ፣ አባቷ፣ ቅድመ አያቶቿ ሳይቀሩ በስማቸው ተዘርዝረዋል። ባለቤት የሚለው ላይ ግን የሚስ ዶሪን ስም የለም፤ ኢግናሲዮ የሚባል ሰው ነው። ያለ እሱ ፊርማ ምንም አይሆንም አሉኝ።

ኮቴ ሠሪው እኚህን ሰው ያውቃቸው ኖሮ ሰንራይዝ ማነር የሚባል ሰፈር ድረስ ሄድኩ። ማስክ አድርጌ፣ ከበራቸው ርቄ ቆሜ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ሽማግሌ ናቸው። «በሕይወት አለች?» ብለው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ገብተው ወረቀቱን በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ አመጡት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሥራ አጥተው፣ ሚስታቸው ታመውባቸው፣ መመገብ ሲያቅታቸው ነው ለሚስ ዶሪን የሰጧት። «ፈረሷን ሰጠሁ። ወረቀቱን መስጠት ግን እጄ እምቢ አለኝ። ሲሻለኝ እመለስላታለሁ እያልኩ ነው» አሉኝ። መልሼ እወስዳታለሁ ሊሉ ነው ብዬ ፈራሁ። የጠየቁኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ «ከመፈረሜ በፊት ልያት»።

በማግስቱ መጡ። ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ካሮት ይዘው። አጥሩ ላይ ተደግፈው በድሮ ስሟ ጠሯት። ደገሙ። ሠለሱ። እሷ ድርቆሿን ትበላለች፤ ቀና አላለችም። ሲጠጓት መዳፋቸውን አሸተተችና ዞራ ወደ እኔ መጣች። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ሳቅ አሉና «ጥሩ ነው፤ ጠግባለች ማለት ነው» አሉ። የመኪናዬ ኮፈን ላይ ወረቀቱን ዘርግተው ፈረሙ፤ ካሮቱን ለእኔ ሰጥተውኝ ሄዱ።

ታኅሣሥ 20 ቀን የማኅበሩ መኪና መጥቶ ወሰዳት። ፎቶዋን ልከውልኛል፤ ከሌሎች ፈረሶች ጋር ሜዳ ላይ ናት።

ነገሩ በደህና አለቀ፤ እኔ ግን ሽማግሌው ከሄዱ ጀምሮ አንድ ወረቀት እያነሣሁ መልሼ አስቀምጣለሁ። የዜግነት ቅጽ እየሞላሁ ነው፣ እታለም። ዲቪ የደረሰኝ ጊዜ የሞላነውን ታስታውሻለሽ። «ጣጣ ያመጣብሻል፣ የለኝም በዪ» አልሽኝ። አልወቅስሽም፤ የጻፈው የእኔ እጅ ነው። ያው ጥያቄ ይኸው ተመልሶ መጣ። ሌላውን ሁሉ ሞልቼ እሱን ባዶ ትቼዋለሁ። ዛሬ እውነቱን ብጽፍ ያኔ ዋሽተሻል ይሉኛል። ያንኑ ብደግም ደግሞ...

ሐሌሉያ አሥራ አራት ሊሞላት ነው አይደል? ባለፈው «አክስቴ፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?» አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት። ከበስተኋላ ስትጠሪያት «አቤት እማዬ» ብላ ሮጠች። ደስ ይላል፤ የምሬን ነው። ምንም ላፈርስ አልተነሣሁም።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ቀበሌ በአንቺ ስም ካወጣነው የልደት ወረቀቷ በፊት፣ ከጤና ጣቢያው አቅፌያት ስወጣ የሰጡኝ ካርድ ነበር። አለ? ወይስ ያኔውኑ ቀደድሽው? አትላኪልኝ። ለማንም አታሳዪ። አለ ወይም የለም ብለሽ ብቻ ለወንድይራድ ጽፈሽ ስጪው።

አምላክ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ የዘረጋሽው እጅ አይታጠፍ፤ ቤትሽን ክፉ አይየው። ሐሌሉያን ግንባሯን ሳሚልኝ።

እህትሽ፣
የሐሌሉያ አክስት