የማሬንጎ ዳኛ

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ከሥራ መልስ ሰንጋ ተራ ጎራ ብዬ ሰማያዊ የጥፍር ቀለም ገዛሁ። ሻጯ ጣቶቼን አየቻቸው። ለወታደር ነው ብላት ምን ትለኝ ነበር? ጣት የሚያህሉ ሠላሳ የፕላስቲክ ፈረንሳዮች ገና ኮት አልለበሱም...

ቅዳሜና እሁድ የጦርነት ጨዋታ ጓደኞቼ ገብረየሱስና ረሻድ እኔ ቤት ናቸው። ማሬንጎን እንጫወታለን፣ ናፖሊዮን ጣሊያን አገር ከኦስትሪያ ጦር ጋር የገጠመበትን። እነሱ ያዝዛሉ፣ እኔ ዳኛ፤ ዳኛ ትሕትና ይሉኛል። የትኛው ውጊያ እንደሆነ እስከ ዕለቱ አይነገራቸውም፤ ከተነገራቸው አንብበው ይመጣሉ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ፀሐይቱ ደወለች፣ የገብረየሱስ ሚስት። ነሐሴ ላይ ስትሮክ ከመታው ወዲህ ሐኪሙ ድነሃል ቢለውም እሱ አላመነም። ቀያሽ መሐንዲስ ነው፤ ጭንቅላቱ እንጀራው ነው። ቅዳሜ ጨዋታው ላይ እፈትነዋለሁ፣ እምቢ ካለኝ ሰኞ መልቀቂያ አስገባለሁ ብሏታል።

እኔ ቤት! ሜዳ ብለን በምናነጥፈው ብርድ ልብስ ላይ! ምነው ባልነገረችኝ... ስልኩን ዘግቼ የአንዱን ወታደር ፊት ሰማያዊ አደረግኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ሜዳውንና የጦሩን መድረሻ ሰዓት የነደፍኩበትን ወረቀት ሦስቴ አየሁት። ምንም አላጎደልኩም። አላጎደልኩም አይደል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

የምግብ ጠረጴዛውን ከልብስ መተኮሻው ጋር ገጥሜ አረንጓዴ ብርድ ልብስ አለበስኩት። ከሥሩ መጻሕፍት፣ ለኮረብታ። በዕጣ ገብረየሱስ ኦስትሪያ ደረሰው፣ ረሻድ ፈረንሳይ።

ገብሬ ሜትሩን ሲዘረጋ ዓይኔን ከእጁ አልነቀልኩም። እንደ ድሮው ነበር። ወንዙን ተሻገረ፣ ረሻድን ገፋው። ተመስገን ማለት ጀምሬ ነበር።

በጨዋታው ሰዓት ከጠዋቱ አምስት ሲሆን የታሸገውን ፖስታ ከፈትኩ። ለፈረንሳይ ረዳት ጦር ደረሰ፣ አዛዡ ደሴ ይባላል። ረሻድ በኮምቦልቻ አድርጎ ነው የመጣው ብሎ አሳቀን። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። የገብሬ ጦር እኩሌታው ገና ወንዙ ላይ ተዘርግቶ ስለነበር ተበታተነ።

ወታደሮቹን አንድ በአንድ ካርቶን ውስጥ መለሰ።

"ድሮ ቢሆን ይታየኝ ነበር" አለ። "ነገ አትጠብቁኝ።"

ረሻድ በስምንት ዓመት የመጀመሪያ ድሉ ነው። ደስ ሊለው እንኳ አፈረ።

እሁድ፣ ኅዳር 8

ልደታ ተሳልሜ መጣሁ። ገብሬ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ላገኝለት ውጊያውን ያነበብኩበትን መጽሐፍ ገለጥኩ።

ወይ ጉዴ። መጽሐፉ ረዳቱ ጦር አምስት ሰዓት ደረሰ ይላል፣ እኔም አምስት ብዬ ጻፍኩ። የፈረንጅ አምስት ሰዓት እኮ የኛ አሥራ አንድ ነው! ወደ ማታ የደረሰውን ጦር በጠዋት አመጣሁበት። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሰረቅሁት። ሰውን ሁሉ በቀጠሮ ሰዓት የምቆጣ ሴትዮ!

ገብሬ ስልክ አያነሳም። ለረሻድ ደወልኩ፣ ድሉን ልነጥቀው። ሰማኝና፣ "ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ልብስሽን ልበሺ፣ መጣሁ" አለኝ።

ጌጃ ሰፈር ስንደርስ ገብሬ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ተናዘዝኩ። ፈገግ አለ፣ እንደ ለቀስተኛ።

"አንቺ አትሳሳቺም። አዝነሽልኝ ነው፣ ተይው ትሕትና።"

ይሄን አላሰብኩትም ነበር! እውነቱን ይዤ መጥቼ ካላመነኝስ? መጽሐፉንም ወረቀቴንም ጭኑ ላይ ጣልኩለት። ራስህ እየው አልኩት።

መነጽሩን አደረገ። በጣቱ ቆጠረ። ካርታውን አየ፣ የኔን ንድፍ አየ፣ ደግሞ ካርታውን። ሜትር አምጪ አላት ፀሐይቱን። ንድፌን ለካ።

"ወንዙንስ?" አለ። "በልኬቱ ሁለት ጣት ነው የሚሆነው። አራት አድርገሽዋል!"

ወንዙን እኔም አላወቅኩም። ፊቴን አየና አለማወቄ፣ ስህተቱም ለሐዘኔታ የፈጠርኩት እንዳልሆነ ገባው። ከዚያማ ተነሳ! ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸብኝ። ግማሽ ቀን ውኃ ውስጥ አቆምሽኝ፣ ቸልተኛ ነሽ፣ ይሄ ዳኝነት ነው እንዴ... አንዲት ቃል አልጠፋችበትም። እኔ እየተሰደብኩ አለቅሳለሁ፣ በደስታ። ፀሐይቱም ታለቅሳለች። ረሻድ ሁላችሁም አብዳችኋል አለ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

አራት ሰዓት ላይ ገብረየሱስ ደወለ። ከዳኝነት አውርዶኛል። የጥርን ውጊያ ራሱ ያዘጋጃል፤ እኔ እንደማንም ወታደር አሰልፌ እጫወታለሁ። በይ ሥራ አለብኝ፣ ሰዎች እየጠበቁኝ ነው ብሎ ዘጋው።

ከቢሮው ነበር የደወለው።