በጾም ወር ከበሮ ይዤ

ሐሙስ፣ የካቲት 5። ምሽት 1 ሰዓት

ዛሬም ዘገየሁ። ት/ቤት አይደለም፣ ምቱ ላይ። ቲቸር ብሩክ፣ የሙዚቃ አስተማሪያችን፣ እጁን ያነሳል፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት ይላል፣ ሁሉም ይገባል። እኔ ቆሜ እቀራለሁ። ከዚያ ብቻዬን፦ ቲን! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ትራያንግል እኮ ነው። ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት። ብረት መምታት ያቃታት ልጅ።

ትልቁ ከበሮ የሉዋም ነው። ሉዋም የወንበር ጓደኛዬ ናት፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ። ከበሮ የተማረችው ሰንበት ት/ቤት ነው። ማንገቻውን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ስትመታ ትከሻዋ አብሮ ይሄዳል፣ ሲያምርባት! ቲቸር እሷን ሲያይ ፊቱ ይበራል። እኔን ሲያይ ግንባሩን ያሻል።

የማይገባኝ ነገር። መቁጠር እችላለሁ። በሒሳብ ማንም አይቀድመኝም። ታዲያ እጄ ማንን እየጠበቀ ነው? አንቺ ደብተር ታውቂያለሽ? አታውቂም። እሺ።

የወላጆች ቀን የካቲት 21 ነው። ያ ረቢ።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ሁዳዴ ገባ። ሉዋም ከበሮውን አልነካችም። ቀጥ ብላ ሄዳ እስከ ፋሲካ እንደማትመታ ለቲቸር ነገረችው። በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ከበሮ ዝም ይላል አለች። ቲቸር፣ የት/ቤት ከበሮ ከዚያ ጋር ምን አገናኘው ብሎ ተከራከራት። እናቷ ከበሮ የትም ቢሆን ከበሮ ነው ብለዋል። አለቀ። ቲቸር የወላጆችን ቀን ሲወስን ካላንደር ያላየ ይመስለኛል። አሁን ማስታወቂያው በር ላይ ተለጥፏል፣ አይነሳም።

ከዚያ ክፍሉን በዓይኑ ዞረና ማን ላይ ቆመ? እኔ ላይ! ለምን ቢባል፣ ትራያንግል ቢጎድል ማንም አይሰማም። ራሱ ነው እንዲህ ያለው፣ ሳያፍር።

ቆይ፣ አንቺስ? አለኝ። ረመዳን ሮብ ይገባል አልኩት። እናንተ ጋስ ከበሮ በጾም ይከለከላል? አላውቅም አልኩ። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። አስራ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ልጆቹ ሳቁ። ሉዋም መስኮቱን ነው የምታየው።

እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

ስለፈለግኩት ነዋ። ይኸው፣ ጻፍኩት። ድሮም ያ ከበሮ ያምረኝ ነበር። ማንገቻው አሁንም የሉዋም ቅባት ይሸታል። ደስ አለኝ፣ ከዚያ አፈርኩ፣ ከዚያ ደግሞ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዓርብ፣ የካቲት 13። ከመግሪብ በፊት

ርቦኛል። ውሃ ጠምቶኛል። አሁንም እዘገያለሁ። በከበሮ ደግሞ መዘግየት አይደበቅም፣ ዱም ሲል ሕንፃው ሁሉ ይሰማል።

ቤት በጀሪካን እለማመዳለሁ። አራተኛ ፎቅ፣ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም፣ ግድግዳው ወረቀት ነው። የታችኛው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን መታብኝ። የሚገርመው፣ ሰውየው ከእኔ ይልቅ በሰዓቱ ይመታል።

እማዬን በረመዳን ከበሮ ይቻላል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አባትሽን ጠይቂ አለችኝ። አባዬ ቫን ነው የሚነዳው፣ ከኤርፖርት ካርጎ ዕቃ ያመላልሳል፣ ገና ጫማውን እያወለቀ ነበር። ለትምህርት ከሆነ ትምህርት ነው አለ። ካልሆነ ግን ለአክስትሽ ደውዪላት። አክስቴ ዘሀራ ወሎ ናት፣ ለማንኛውም እሑድ ትመጣለች። በዚህ ቤት ጥያቄ ኳስ ነው፣ ይቀባበሉታል እንጂ የሚያገባው የለም።

ሉዋም አታናግረኝም። ጠዋት ብቻ አንድ ነገር ተናገረች፣ እሱም አንገበገበኝ። "ጾሜን ጠብቀሽ ወሰድሽው" አለችኝ። ኧረ አልጠበቅኩም! የኔም ጾም ነው እኮ! እኔ የጠበቅኩት... ምን እንደምጠብቅ ባውቅማ በሰዓቱ እገባ ነበር።

ግራ ገባኝ። ልመልሰው? ብመልሰውስ ለማን? እሷ እንደሆነ አትይዘውም።

እሑድ፣ የካቲት 15። ከፊጥር በኋላ

አክስቴ ዘሀራ መጣች። ሻንጣዋን ሳታወርድ ጉንጬን ስማ ስማ ጨረሰችው። ፊጥር ቀምሰን ጾማችንን ከፈታን በኋላ ጀሪካኔን ስመታ በሩ ላይ ቆማ አዳመጠችኝ። ልትስቅ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም። "ነጁ፣ ማንን ነው የምትጠብቂው?" አለችኝ።

ደብተሬ፣ ቁጭ አልኩ መሬት ላይ። ይህን ጥያቄ እኮ እኔ ብቻ ነበርኩ የምጠይቀው።

አታብራሪልኝ፣ ምቺ ብቻ አለችና አንድ መስመር መንዙማ አወረደች። ሲያልቅ እጄ ገባ። ራሱ! ደግማ አወረደች፣ ደግሞ ገባ። አንዴም አልዘገየሁም። እማዬ ከኩሽና ወጥታ አፏን ያዘች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ በሀገሯ መንዙማ ሲባል ድቤ የምትመታ ሴት ናት። ድቤ ማለት የእነሱ ከበሮ። እዚያ ማንም አይቆጥርም። አውራጇ መስመሯን ትጨርሳለች፣ ትንፋሿ ሲያልቅ ድቤው ይቀበላል። እኔ ደግሞ ወሎ ሳለን፣ እማዬ ስትሠራ አክስቴ ናት ያዘለችኝ፣ እስከ ሦስት ዓመቴ ድረስ። ጀርባዋ ላይ ሆኜ ነው የተማርኩት። የቲቸር ብሩክ ዝግጅት ግን ምት ብቻ ነው፣ ዘፋኝ የለውም። ስለዚህ እጄ የማትመጣ አውራጅ ይጠብቃል።

በጾም ይከለከላል ወይ አልኳት። ሳቋ! በእሷ ቤት ጭራሽ በረመዳን ነው ድቤ የሚሞቀው። ይታይሽ። የሉዋም ከበሮ በጾም ይተኛል፣ የአክስቴ በጾም ይነሳል። ሁለቱም ለፈጣሪ ብለው። እኔ መሀል ቁጭ ብያለሁ፣ ጀሪካን ይዤ።

ስለ ሉዋምም ነገርኳት። አልቅሼ ነበር፣ ትንሽ። ድቤ ባለቤት የለውም፣ ተራ ነው ያለው አለችኝ። የአንዷ ክንድ ሲዝል ሌላዋ ከጎን ትገባና ምቱ ሳይቋረጥ ትቀበላታለች። ማንም ወሰደችብኝ አትልም። እንዴት ሳይቋረጥ? አልኩ። ጀሪካኑን ከእጄ ስትወስድ አሳየችኝ። አልተቋረጠም። እንዴት እንደሆነ አሁንም አልገባኝም።

ረቡዕ፣ የካቲት 18

በእረፍት ሉዋምን ሽንት ቤት በር ላይ ያዝኳት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ። አውራጅ ያስፈልገኛል፣ ዝፈኚልኝ አልኳት። "በሁዳዴ? አበድሽ?" አለች። እውነቷን ነው። ከበሮ አልመታም ያለች ልጅ ዝፈኚ እላታለሁ! ሞኝ ነኝ። ዞሬ ልሄድ ስል እጅጌዬን ያዘች። አሰበች አሰበች። ቁጥር ዘፈን አይደለም አለች በመጨረሻ።

ከሰዓት ልምምድ ላይ ቲቸር እጁን ሊያነሳ ሲል እኔ እቆጥራለሁ አለችው። ቆጠረች። ግን እንደ እሱ አይደለም። አንድን ሳብ አድርጋ፣ ሦስትን ዝቅ፣ አራትን በትንፋሽ። ሰንበት ት/ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ሲቆጥር እንኳ ያዜማል። አራት ስትል ትንፋሿ አለቀ፣ እጄ ገባ። ዱም!

ቲቸር ግንባሩን አላሻም። ምን ተደረገ ይላል፣ እኛን ተራ በተራ እያየ። ማናችንም አልነገርነውም።

ሉዋም ሳቀችልኝ። ቆየት ብላ ደግሞ ኮስተር አለች። ታርቀናል ወይስ አልታረቅንም? እንጃ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21። ምሽት

አለፈ። አልዘገየሁም! አባዬ የካርጎ ሰደርያውን እንኳ ሳያወልቅ መጥቶ ከኋላ ቆሞ ነበር። አክስቴ እልል ብላ ሙሉ ረድፍ አስደነገጠች። የሉዋም እናት ከፊት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ልጃቸው መጋረጃ ጥግ ቆማ ስትቆጥር አዩ። አልተቆጡም፣ ቁጥር ነዋ።

ግን አሁን ነው የባሰው። ሲያልቅ ቲቸር ማይኩን ያዘ። በግንቦት ከሌሎች ት/ቤቶች ጋር ውድድር አለ፣ ትልቁ ከበሮ ከእንግዲህ የነጃት ነው አለ። በሕዝብ ፊት! አዳራሹ አጨበጨበ። ሉዋምም አጨበጨበች፣ በእጇ ብቻ። ፋሲካ ሲመጣ ይመለስልኛል ብላ ነበር ያስቀመጠችው። ማንም ግን ይመለስልሻል ብሏት አያውቅም። እኔም።

አመሰግናለሁ አልኩት ቲቸርን። ምን ልበል? 

እሑድ፣ የካቲት 22። መግሪብ ሊደርስ ነው

ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ብይዘው ቀማኛ፣ ብመልሰው ውሸታም፣ ምክንያቱም እፈልገዋለሁ። ዛሬ ጠዋት አክስቴ ጀሪካኑን እየመታች ጠራችኝ። ሦስቴ አበላሸሁት። በአራተኛው ተቀበልኳት፣ ሳይቋረጥ። ከጎን ነው የሚገባው። ከፊት ከመጣሽ ነጠቃ ነው፣ ከጎን ከመጣሽ እገዛ ነው።

ስለዚህ ይኸው ውሳኔዬ። ክፍል ስንገባ ለቲቸር እነግረዋለሁ። ለግንቦቱ ከበሮው ከእኔ ይጀምራል፣ መሀል ላይ ሉዋም ከጎን ገብታ ትቀበለኛለች። አንድ ከበሮ ለሁለት ሰው አይሆንም ካለ ትራያንግሌን ይመልስልኝ፣ ወላሂ። ፊቱ ቢጠቁርም ይጥቆር።

አሁን ለሉዋም ደውዬ ነገርኳት።  መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሀሎ ሀሎ እላለሁ። እስከ ፋሲካ አልመታም፣ ታውቂያለሽ አይደል? አለችኝ። አውቃለሁ አልኩ፣ እስከዚያ ቁጠሪልኝ፣ እኔ በጀሪካን እገባለሁ።  ስፒከር ላይ አድርጌያታለሁ፣ ጀሪካኑ ጉልበቴ ላይ ነው፣ አንቺን፣ ደብተሬን፣ በግራ እጄ ይዤ እየጻፍኩ ነው። ጉሮሮዋን ጠረገች።

አንድ አለች፣ ሳብ አድርጋ። ሁለት። ሦስት። ቆይ፣ እስክሪብቶውን ላስቀም...