ጠበል የነካው የዋግ ብናኝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2004

ሶዲየም። ሌላ ምንም የለም። ከኢንተርኔት ቤቱ ወጥቼ ባጃጅ ላይ ስሳፈር ይቺው ቃል ብቻ ጆሮዬ ላይ ትጮሃለች።

ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት መልስ ነው። አምና ከጅጋ ወዲያ፣ ከአያ ታከለ ማሳ የሰበሰብኩትን የስንዴ ዋግ ብናኝ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ላክሁ። እዚያ ኑክሌር ሪአክተር ውስጥ አስገብተው በኒውትሮን ይመቱታል። የተመታው ንጥረ ነገር ሁሉ የየራሱን ጨረር ያወጣል፤ ማንጋኒዙም መዳቡም ቅንጣት ታህል ብትሆን በጨረሯ ትለካለች። ብናኝ ያደገበትን አፈር ንጥረ ነገር ይዞ ይሄዳልና፣ የኛ ዋግ እዚሁ ይራባ ወይስ ነፋስ ከሩቅ ያምጣው፣ በዚህ እለያለሁ ብዬ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌም እሱው ነው። አሁን የሶዲየሙ ጨረር ሁሉንም ሸፍኖታል። «ናሙናው ጨዋማ ውሃ ነክቶታል ወይ?» ይላሉ በኢሜይላቸው። እስከ ወሩ መጨረሻ አዲስ ከላክሁ አንዴ ይደግሙልኛል።

ውሃ! እኔ ነኝ ውሃ የማስነካው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7

ጅጋ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። ጭቃው ገና አልደረቀም።

አምና ዝናብ ይዞኝ ብናኙን ወረቀት ላይ እንደተዘረጋ አያ ታከለ ቤት አሳድሬው ነበር። ከሳቸው ሌላ የሚጠየቅ ሰው የለም። በረት ሲጠርጉ አገኘኋቸውና ጠየቅኋቸው። ፊታቸው በራ።

«ሚካኤል ነበርኮ! ቄሱ ቤቱን ጠበል ሲረጩ ወረቀቱን ገለጥ አርጌ ‹ይችንም› አልኋቸው። በሽታ ነው አላልሽኝም? በሽታ እንግዲህ በጠበል ነው እሚለቅ። ላንችም እንዲቀናሽ ብዬ።»

ጠበሉ ከቆላው ምንጭ የሚቀዳ፣ ጨው ጨው የሚል ነው። ከብቱ እንኳ ካገኘው አይለቀውም።

«አበላሹብኝ!» አልኳቸው። በሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው፣ በገዛ ደጃቸው። መጥረጊያውን አስቀመጡና «አጠፋሁ ልጄ» አሉ።

ያጠፋሁትስ እኔ። ለምን እንደምፈልገው አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አልነገርኳቸውም። «አይጥ እንዳይበላው» ብቻ ነው ያልኩት። መንገዱን ሙሉ ሲቆጨኝ ፍኖተ ሰላም ቤቴ ገባሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

ዋግ ፍለጋ። ከማሳ ማሳ ቅጠል እየገለበጥኩ ዋልኩ። ንጹሕ። የላይኛው ንጹሕ፣ የወንዙ ዳር ንጹሕ። አረም የምታርም ሴት ቀና ብላ «ዘንድሮስ እመብርሃን ምራናለች» አለችኝ። «እሰይ!» አልኩ በአፌ።

የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ተብዬ ደመወዝ የምበላው ዋግን ላጠፋ ነው። ዛሬ ዋግ አጣሁ ብዬ አዘንኩ። አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

የአንድ ለአምስት ስብሰባ። «እስካሁን ዋግ አልታየም» ብዬ ሪፖርት አነበብኩ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

አያ ታከለ ጋ ልደውል አልኩ። ምን ብዬ? ተውኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 10

ራሳቸው ደወሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ መጥቷል። ያ ያንቺ ነገር።»

ስደርስ ማሳው ዳር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። በታችኛው ጥግ ቅጠሉ ላይ ቢጫ መስመር ወጥቷል። ነካሁት፤ ጣቴ ላይ ቀረ። ዋግ ነው።

«ለማንም ትንፍሽ አላልሁ። ለቀበሌም፣ ለግብርና ሠራተኛውም። ጠበልም አላስነካሁት። እስኪበዛልሽ እጠብቀዋለሁ፤ ባጠፋሁት ልካስሽ።»

የሚበቃኝን ያህል ብናኝ እስኪሆን ማሳው ሁሉ ይያዛል። የጎረቤቱም። ለአፍታ አሰብኩት። ለራሴ ምን እዋሻለሁ፣ ከአፍታም በላይ አሰብኩት።

«ዛሬውኑ መድኃኒት ይረጭ» አልኩ።

«ትምህርትሽስ?»

«ይቅር።»

«እህሉ የኔ። እኔ ከፈቀድሁ ምን አለበት?»

«እህሉስ የርስዎ ነው አባቴ። ዋጉ ግን አጥር አያውቅም።»

የግብርና ሠራተኛው መርጫውን በጀርባው አዝሎ መጣ። ሳይመሽ ተረጨ። እሱ ሲረጭ ድንበሩ ላይ ተቀምጠን ስለ ኒውትሮኑ፣ ስለ ሶዲየሙ፣ አምና መንገር የነበረብኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ማክሰኞ ስለተናገርኩትም ይቅርታ ለመንኩ። «እግዜር ይቅር ይበለን» አሉ። ከዚያ፦ «ጠበላችን ባሕር ማዶ ድረስ ታየ በይኛ!» ሳቅን። ከሰኞ ወዲህ የሳቅኩት ያኔ ነው።

እሁድ፣ ጥቅምት 12

«ዘንድሮ ናሙና አልልክም» ብዬ ለላቦራቶሪው ጻፍኩ። ላክ የሚለውን እስክጫን ብዙ ቆየሁ። ዓመቱ ሄደ፤ ይቆጨኛል። መድኃኒቱ ይድረስበት አይድረስበትም ገና አልታወቀም።

ከቅዳሴ በኋላ ስልክ። አያ ታከለ።

«ዛሬ ሚካኤል ነው። ቄሱ ማሳው ዳር ቆመዋል። ይርጩት ወይስ ያበላሽብሻል?»

መድኃኒቱን ያጥበዋል የሚል ነገር ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። ጠብታ ምን ያጥባል።

«ይርጩት አባቴ» አልኩ። «በኔም ስም ይርጩልኝ።»

ስልኩን ሳይዘጉት ኪሳቸው ከተቱት መሰለኝ፤ የቄሱ ድምፅ ከሩቅ ይሰማኛል። እኔም አልዘጋሁም።