የዳማ ጨጓራ

ልጄ፣ በሄድክበት ሁሉ መልካም ሰው ይግጠምህ፤ ክፉ አይንካህ። እኛ ደኅና ነን፤ ይህ ደኅና ከተባለ።

ፈረስህ ዳማ ታሟል። ጋጣው ጥግ ቆሞ ጥርሱን ያፋጫል፣ ዞሮ ዞሮ ሆዱን ያያል። አባትህ ኮርቻ ሲጭንበት ሊነክሰው ይቃጣዋል። እሱማ "ጠባዩ ተበላሸ" ብሎ ሊሸጠው ነበር። የእንስሳት ሐኪሙን የጠራሁት እኔ ነኝ።

ሐኪሙ ሆዱን ዳሰሰና "ጨጓራው ቆስሏል። ምንድን ነው የምትሰጡት?" አለኝ።

"ልጄ አደራ ብሎኝ በሄደው መሠረት፣ ጠዋት አንድ ቅርጫት ሙሉ ገብስ" አልኩት ኮራ ብዬ።

"አይ እማማ! የፈረስ ጨጓራ በላም አልበላም አሲድ ያመነጫል። ጠዋት አጥግባችሁት ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆዱን ከዋለ ራሱን ነው የሚበላው። ገብሱን ቀንሱ፤ ድርቆሽ ግን ከፊቱ አይጥፋ። ደግሞ ሆደ ባሻ ፈረስ ነው፣ ብቻውን አትተዉት።"

መድኃኒቱን ጀምረንለታል። አባትህም የጎረቤት አህያ ለምኖ አጠገቡ አሰረለት፤ ይኸው አሁን ትንሽ ተሽሎታል። ለእኔ ጨጓራ ግን አህያም አልተለመነልኝም።

አንተም በዓመት አንዴ ደውለህ ሁለት ሰዓት ታወራኛለህ። አንጀቴን ታርሰውና ዓመቱን ሙሉ ስልኩን ሳይ እከርማለሁ። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ዳማ ነው።

አምላክ እጅህን ከሥራ፣ ደጅህን ከሰው አያጉድልብህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ የዓመቱን ገብስ ተወውና፣ ድርቆሹን ቶሎ ቶሎ ጣል አድርግልኝ።

እናትህ