የጋሼ ግማሽ ዕረፍትና «ይጣል» የተባለው ዘር

ዘገያችሁ የምትሉን ነገር አይገባንም። እናንተ የዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች «ሰውየው ካረፉ ዘጠኝ ቀን ሆነ፣ የሀዘን መግለጫው የታለ?» ብላችሁ ደውላችኋል። ቆይ፣ ዘጠኙን ቀን መጋዘን ውስጥ ጎኑን ሳያሳርፍ የከረመው ማን ሆነና! እኛ ነን፣ የዘር መጋዘንና የመስክ ሠራተኞች ማኅበር። መግለጫው ይኸው።

የአኩሪ አተር አዳቃያችን ጋሼ ግማሽ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። በጣም አዝነናል። ሁለት ዓመት ሳንባቸው ሲያሠቃያቸው ከርሞ በእንቅልፋቸው ማረፋቸው ግን ትንሽ አጽናንቶናል።

«ግማሽ» ያልናቸው እኛው ነን። እያንዳንዷን ፍሬ ከጀርባዋ በምላጭ ሸርፈው ፍርፋሪውን ለላቦራቶሪ፣ የሚበቅለውን ወገን ለአፈር ይሰጡ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት፦ ፕሮቲኑ ሲወጣ ዘይቱ ይወርዳል፣ ዘይቱ ሲወጣ ፕሮቲኑ ይወርዳል። አንዱን የሚያወጣው ዘረመል ሌላውን ይጫነዋል። ባለ ትልልቅ ዲግሪዎቹ «አይሞከርም» ብለው ሄዱ። እሳቸው ቀሩ።

አሥራ አራተኛው ዓመት፦ ዘይቱን ሳይነካ ፕሮቲኑን የሚያወጣ ሌላ ዘረመል፣ ማንም ዞር ብሎ ካላየው ጥቁር አኩሪ አተር ላይ አገኙ። አዳቀሉት።

ባለፈው ዓመት፦ ከመቶው እጅ አርባ ሦስቱ ፕሮቲን፣ ሃያ ሁለቱ ዘይት! የላቦራቶሪዋ ልጅ ሦስቴ ለክታ «ማሽኑ አብዷል» አለች። ማሽኑ ጤነኛ ነው። ያንን ማሳ ማን አረመው? እኛ! አንዲት አረም ያገኘብን ካለ ይምጣ፣ ጸጉራችንን እንላጫለን።

ጋሼ ሲያርፉ ግን ዘሩ የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። መደርደሪያውን ሁሉ ገለበጥን፣ የለም። እናንተ ደግሞ «‹ይጣል› የተጻፈበትን ከረጢት ሁሉ አቃጥሉና መጋዘኑን አጽዱ» ብላችሁ ደብዳቤ ላካችሁ። ከረጢቱን ጉድጓድ አፍ ላይ ከምረን ክብሪት ስንፈልግ፣ ልናቃጥል መሆኑን የሰሙት ባለቤታቸው እትዬ ደወሉ።

«ልጆች፣ እሱ እኮ የሚወደውን ነው የሚሰድበው! እኔን ሠላሳ ዓመት ‹ጨቅጫቃ› ሲለኝ ነው የኖረው። ይጣል ያለውን ፈትሹ!»

ፈተሽን። ከአንዱ ከረጢት ሥር፣ የዘሩ ቁጥር በእጅ ጽሑፋቸው የተጻፈበት ፖስታ ውስጥ፣ ለዘንድሮ የሸረፏቸው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፍሬዎች! ለካ ጎብኚ እየዘገነ እንዳይወስድባቸው ነው «ይጣል» የሚሉት። የትራክተር ሹፌራችን መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ሳቀ፣ እኛም እፎይ አልን። እትዬ ባይደውሉ ጋሼን ሁለቴ ቀብረናቸው ነበር።

ለእትዬ፣ ለልጃቸውና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን።

የተሸረፈ ፍሬ ግን ቶሎ ይሻግታል። ዝናቡም ገብቷል። እስከ ቅዳሜ መሬት ካልገባ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልፋት አለቀለት። የማቃጠል ትእዛዛችሁ እስካሁን አልተሻረም፣ ያለ እናንተ ፊርማ ደግሞ ማሳ አይከፈትልንም። ትእዛዙን ሻሩ፣ «ዝሩት» በሉን። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት መልስ እንፈልጋለን፣ በደብዳቤ ሳይሆን በስልክ!